ሁለት ድስት

በ1988 ዓ.ም. ሰኔ ወር ላይ ቆቦ ውስጥ አንዲት እህታችን ሞተች። ያን ጊዜ በከተማው ጌታን የተቀበልነው በጣት የምንቆጠር ሰዎች ነበርን። በአንድ የኪራይ ቤት ጓዳ ተሰብስበን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንዘምር ነበር። ከመካከላችን ለመሞት እርሷ የመጀመሪያዋ ናት። ስለ ትንሣኤ ብዙ ተምረናል፤ ስለ መቃብር ግን አንዳችንም አላሰብንም ነበር።

የቆቦን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ክረምቱ ሳይገባ ቆላው እንደ ምጣድ ይግላል፤ ሬሳ አያሳድርም። ጠዋት ወደ አጥቢያው ሽማግሌዎች ሄድን። «በሕይወቷ ትታን ለሄደች፣ በሞቷ ምን አድርጉ ትሉናላችሁ?» አሉን። ወደ ሰፈሩ ቅሬ ሄድን። ዳኛው አንገቱን ደፍቶ «እኔ ብቻዬን ምን ላድርግ፤ ሰዉ አልተስማማም» አለን። እኩለ ቀን ሆነ። ባልዋ አስከሬኑ አጠገብ ተቀምጦ በነጠላው ጫፍ ዝንብ ይከላከል ነበር። አላለቀሰም፤ ዝንቡን ብቻ ይከላከል ነበር።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ አዛውንት ሙስሊም ጎረቤት በራችን ላይ ቆሙ። ነገሩን ሰምተዋል። «ከማሽላ ማሳዬ ጥግ አንዲት ግራር አለች። ከሥሯ ቅበሯት» አሉ። ሁለት ልጆቻቸው ዶማና አካፋ ይዘው ቀድመውን ሄዱ። እኛ ስንዘምርና ስንጸልይ ሰውዬው ራቅ ብለው ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ላመሰግናቸው ጠጋ ስል እንዲህ አሉኝ፦

«አንተ ልጅ፣ ጸሎታችሁ የእኔ ጸሎት አይደለም። ሟቿ ግን ጎረቤቴ ናት።»

ይህን ንግግር በትክክል ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። የተወደዳችሁ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ነው።

ያኔ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር። ከዚያ ቀን የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እኛ የተሰደድን ነን፣ እነርሱ አሳዳጆች ናቸው። ውሸት አልነበረም። ልጆች «ጴንጤ» እያሉ ድንጋይ ወርውረውብናል። «በስንዴ የተገዙ» ተብለናል፤ ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ በእኛ አገር ይህ ስድብ ትርጉሙ ለማንም አይጠፋም። አባቴ ከቤት አስወጥቶኛል። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ለእያንዳንዱ ሰው የመረጠውን ሃይማኖት የመያዝ ነፃነት ሰጥቶ ነበር፤ ወረቀት ግን መቃብር አይቆፍርም። የራሳችንን የመቃብር ቦታ ያገኘነው ከዓመታት ደጅ ጥናት በኋላ ነው።

መከራ ሰውን ትሑት ያደርጋል ይባላል። እኔን ግን አኮራኝ። የተገፋ ሰው ሁሉ ትክክለኛ ሰው ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ካስወጣኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ደጁን መልሶ ከፈተልኝ። የገባሁት በሁዳዴ ነበር። እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ጾም ሽራ አታውቅም። ያን ቀን ግን ምድጃው ላይ ሁለት ድስት ጣደች። አንዱ የቤቱ የጾም ወጥ ነው። ሌላው ትንሽ ድስት ሲሆን ውስጡ በቅቤ የተሠራ ሽሮ ነበር። «ያንተ ይኸኛው ነው» አለችኝ። ስበላው ጨው አንሶታል። በኋላ ነው የገባኝ፤ ጾመኛ ስለሆነች ልትቀምሰው አልቻለችም።

ምን እንዳደረግሁ ልናዘዝ። እናትና አባቴ ፊት ሆን ብዬ እያጣጣምኩ በላሁ። ምግብ ሰውን እንደማያረክስ አስተማርኳቸው። ምስክርነት የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። እናቴ ያለችኝ «ብላ ልጄ፣ እንዳይቀዘቅዝብህ» ብቻ ነው።

የሁለት ድስት ነገር እናቴ የፈጠረችው አይደለም። ወሎ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ታላቅ እህቴ ስትዳር አባቴ ለክርስቲያኑ በሬ አረደ። ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ደግሞ ፍየሎቹን በሕይወት እንዳሉ አስረከባቸው፤ ራሳቸው ባርከው፣ ራሳቸው አርደው፣ በራሳቸው ድስት ቀቀሉ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ዳስ ተቀምጦ በላ፣ አጨበጨበ፣ ሙሽሮቹን መረቀ። እነርሱ ሲድሩም እንዲሁ ነው። ከሩቅ የሚያዩን ሰዎች «የወሎ ሰው ሃይማኖት አይለይም» ሲሉ እሰማለሁ። እንደ እኔ እምነት ስተዋል። የወሎ ሰው ሃይማኖቱን አጥብቆ ይለያል። የማን እጅ እንዳረደው ይጠይቃል። ልዩነቱን ግን ጦር አላነሣበትም፤ ድስት ጣደለት።

ሆኖም ወሎ ይህን ይዞ የተወለደ እንዳይመስላችሁ። የነገረ መለኮት ኮሌጅ ሳለሁ ለቤተ ክርስቲያን ታሪክ ትምህርት ስለ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ እንድጽፍ ታዘዝኩ። ቦሩ ሜዳ ከደሴ ቅርብ ነው፤ በመኪና ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ፤ ምን እንደተደረገበት ግን አላውቅም ነበር። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ሊቃውንቱን እዚያ አከራከሩ። የተረቱት ወገኖች እነርሱም ክርስቲያኖች ነበሩ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ አሸናፊው ትምህርት እንዲገቡ ታዘዙ። ለሙስሊሙ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ዓመት ነበር። የወሎው ገዥ መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው ናቸው። እንደ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር ያሉት ደግሞ አሻፈረኝ ብለው ተነሡ። በመካከል ያለው ብዙው ሰው ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጣ ነው። ቀጥሎ ግን ንጉሡ ለምን ይህን እንዳደረጉ ጠየቅሁ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋግተው አሸንፈዋል። አገሪቱ ዙሪያዋን ተከባለች፤ ውስጧ ተከፋፍሏል። አንድ እምነት ከሌለ አገር አይቆምም ብለው አሰቡ። ከጭካኔ ይልቅ ፍርሃት አየሁበት። ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣው ደርግም እንደዚሁ ነበር። ደርግ ሃይማኖት አልነበረውም፤ ፍርሃት ግን ነበረው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተወሰዱ፣ ተገደሉም። በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች። ንጉሡ ስለ ሃይማኖት፣ ደርግ ስለ አብዮት ብለው ያደረጉት ነው፤ ሥሩ ግን አንድ ይመስለኛል፦ «እነዚህ እንደ እኛ ካልሆኑ እኛ አንኖርም» የሚል ፍርሃት።

ይህ አሳብ ከመጽሐፍ ወርዶ ልቤ የገባው በሚኒባስ ውስጥ ነው። ከወልድያ ወደ ቆቦ ስመለስ ከአጠገቤ የተቀመጡት አባት፣ ያን የሰኔ ቀን ከመለሱን ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ። አርጅተዋል። ወደ ከተማው ስንቃረብ እርሳቸው ራሳቸው ነገሩን አነሡት። «ልጄ፣ አልጠላናችሁም። ፈራን። ዛሬ አንድ ልጅ ሄደ፣ ነገ አሥር ይሄዳል፤ ከእኛ በኋላ ደብሩን ማን ይጠብቀዋል አልን። ሬሳ መመለሳችን ግን ጽድቅ አልነበረም» አሉኝ።

እኔ ለዚያ ንግግር መልስ አልነበረኝም። የሚወዱትን ነገር እንዳያጡ የፈሩ ሰው ነበሩ። ያደረጉት ስህተት ነው፤ እርሳቸውም ስህተት ነው አሉ። ግን ለስንት ዓመት በስብከቴ ውስጥ ሳቆማቸው የኖርኩት እንደ ፈርዖን ነበር። እኚህ ሰው ፈርዖን አልነበሩም።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝን ልንገራችሁ።

በ2003 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያናችን አንድ ወጣት ዘማሪ ነበር። ያጠመቅሁት እኔ ነኝ፤ ጊታር የገዛንለት እኛ ነን። አንድ ቀን ማታ ቤቴ መጣ። «ፓስተር፣ ብዙ አነበብኩ፣ ብዙም ጸለይኩ። ወደ አባቶቼ ቤተ ክርስቲያን ልመለስ ነው። ከሌላ ሰው አፍ እንዲሰሙት አልፈለግሁም» አለኝ። ይህ ልጅ ሰው ነበር፤ ደብቆኝ መሄድ ይችል ነበር። እኔ ግን የመለስኩለት «ልጅቷ ማን ናት?» ብዬ ነው። አስቧል፣ አምኗል ብዬ ለመቀበል አቃተኝ። ወይ ሴት፣ ወይ ገንዘብ፣ ወይ ርስት መኖር አለበት አልኩ። እኛን «በስንዴ የተገዙ» ያሉን ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ አልነበረምን? አለመቻቻል የሚጀምረው በድንጋይ አይደለም። ሌላው ሰው አሳብ አለው፣ ሕሊና አለው ብሎ ለማመን እንቢ ስንል ነው የሚጀምረው።

በማግስቱ እሑድ መድረክ ላይ ቆሜ፣ ስሙን ሳልጠራ፣ ሁሉም ግን እንደሚያውቀው እያወቅሁ፣ «ከሃዲ» አልኩት። ከእርሱ ጋር ማዕድ እንዳይቆርሱ ምእመናኑን አዘዝኩ። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ በዝሙትና በቅሚያ ስለሚኖር ወንድም የጻፈውን፣ በሕሊናው ምክንያት በተለየ ሰው ላይ አዋልኩት። ከሦስት ወር በኋላ የልጁ አባት ሞቱ። ከጉባኤያችን አንድም ሰው ለቅሶ አልደረሰም።

በቆቦ ለቅሶ አለመድረስ ምን ማለት እንደሆነ ለአገሬ ሰው አልነግርም። በዚያው ሳምንት እናቴ ዘንድ ገባሁ። ቡና እየቀዳች «ለቅሶ ደረስክ?» አለችኝ።

«አልሄድኩም እማዬ።»

ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «ያኔ ሬሳ ይዛችሁ የተቀመጣችሁ ቀን፣ መሬት የሰጧችሁ ሰው የእናንተ ነበሩ እንዴ?» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ሲኒውን አቀበለችኝ። ያን ቡና እንዴት እንደጠጣሁት አላስታውስም።

ያን ሌሊት የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 9ን ከፈትኩ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ጌታ ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄድ አንድ የሳምራውያን መንደር አልቀበልም አለው። ያዕቆብና ዮሐንስ ተቆጡ፤ እሳት ከሰማይ ወርዶ ያጥፋቸው ዘንድ እንድናዝ ትወዳለህን ብለው ጠየቁ። ጌታ ዘወር ብሎ የገሠጸው መንደሩን አይደለም፤ ደቀ መዛሙርቱን ነው። ከዚያም ወደ ሌላ መንደር ሄዱ። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ሰብኬበታለሁ፤ ሁልጊዜም ራሴን የማስቀምጠው በር ከተዘጋበት ከጌታ ጋር ነበር። ያን ሌሊት ግን ራሴን ያገኘሁት እሳት ከሚለምኑት ጋር ነው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ በእርግጥ የተገፉ ነበሩ! የተገፋ ሰው እሳት ለመለመን ከሁሉ የቀረበ ነው። ተገፍቻለሁና መብት አለኝ ይላል።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ሳምራውያን ወንጌልን ሲቀበሉ ከኢየሩሳሌም ሁለት ሰዎች ተላኩ፦ ጴጥሮስና ዮሐንስ። ያው ዮሐንስ ነው። እሳት እንዲወርድባቸው የለመነው ሰው፣ መንፈስ ቅዱስ እንዲወርድላቸው እጁን ጫነባቸው። ያን ቀን ጌታ ፈቅዶለት ቢሆን ኖሮ፣ እጁን የሚጭንበት ራስ አያገኝም ነበር። ስንት ጊዜ እኛ ልናቃጥለው የፈለግነውን መንደር ጌታ ለነገ አስቀምጦታል?

አንዳንዶቻችሁ «ፓስተር፣ እንግዲህ ሁሉም መንገድ አንድ ነው እያልክ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አላልኩም። ኢየሱስ ክርስቶስ ብቸኛ አዳኝ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እስከ ሞት እሰብከዋለሁ። ግራሯ ሥር የቆሙት አዛውንትም ጸሎታችሁ የእኔ ነው አላሉኝም፤ እንዲያውም አይደለም ብለው በግልጥ ነገሩኝ። ያከበሩኝ ዋሽተው አይደለም። የእናቴ ድስትም እንዲሁ ነው። ጾሟን አልሻረችም፤ ልጇንም አላስራበችም። እምነቱ የጸና ሰው ለሌላው ቦታ ለመስጠት አይፈራም። የሚፈራው ያልጸናው ነው።

«መቻቻል» የሚለው ቃላችን የመጣው «ቻለ» ከሚለው ነው። ሸክም ቻለ፣ መከራ ቻለ እንላለን። ስለዚህ መቻቻል ማለት አንተ ከብደኸኛል፣ ግን እሸከምሃለሁ፤ እኔም ከብጄሃለሁ፣ ተሸከመኝ ማለት ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ጳውሎስም በኤፌሶን 4፥2 የሚመክረን በፍቅር እንድንታገሥ ነው። ነገር ግን ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ 3፥15 ላይ አንድ እርምጃ ይጨምራል፦ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን መልስ ስንሰጥ በየዋህነትና በአክብሮት ይሁን ይላል። አክብሮት ከመሸከም ያልፋል። ሰውዬው ጉዳይ ሳይሆን ጎረቤት ይሆናል።

በጳጉሜን 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ውስጥ በከተማችን ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ቁስሉ ገና ነው፤ ብዙ አልጽፍበትም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሰውን ለማጥፋት አስቀድሞ ስሙን ማንሣትና በምትኩ ሌላ መጠሪያ መለጠፍ ያስፈልጋል። እኔ መድረክ ላይ የዘማሪውን ስም ትቼ «ከሃዲ» ስለው ያደረግሁት ያንን ነው። መጠኑ ፈጽሞ አይነጻጸርም፤ አውቃለሁ። ዘሩ ግን ዘር ነው፤ የት እንደሚበቅል የዘራው አይወስንም።

ወደዚያ ወጣት ቤት ሄድኩ፤ ለቅሶው ካለፈ ከወር በላይ ሆኖት ነበር። በሩን ራሱ ከፈተ። ይቅር በለኝ አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ «ዘግይተዋል ፓስተር። አባቴ እርስዎን ይወድዎ ነበር፤ ለምን አልመጡም እያልኩ ሦስት ቀን በሩን ሳይ ነበር» አለኝ። ከዚያ «ይግቡ፣ ቡና ተፈልቷል» አለ። ገባሁ። ግድግዳው ላይ የአባቱ ፎቶ፣ ከጎኑ ደግሞ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። ስለ አባቱ አወራን። ወደ እኛ አልተመለሰም፤ እንዲመለስም አልጠየቅሁትም። በቀጣዩ እሑድ በዚያው መድረክ ላይ ቆሜ፣ ይቅርታ የጠየቅሁትን ለጉባኤው ተናገርኩ። በዚያ የተነሣ ሁለት ቤተሰብ ጥለውን ሄዱ፤ ለእነርሱም ለቅሶ እንደርሳለን።

ከዚያ ወዲህ በመድረካችን አንድ ደንብ አለን፦ ጎረቤታችን ከፊታችን ተቀምጦ ቢሆን የማንለውን ነገር ስለ እርሱ አንልም። በሰው ታቦትና ጠበል፣ በሰው መስጊድ እየቀለድኩ ጉባኤውን የማስቅበት ጊዜ ነበር። አሁን እናቴ በመጨረሻው ወንበር ላይ እንዳለች አስቤ እሰብካለሁ። ከእኛ የሚለይ ሰው ሲኖርም ጸልየን እንሸኘዋለን። ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። እሳቱ አሁንም አንደበቴ ጫፍ ድረስ የሚመጣባቸው ቀናት አሉ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ በዚህ ሳምንት ለቅሶ ያልደረሳችሁት የማን ቤት ነው? በአሳብ ስለተለያችሁ ሰላም ማለት ያቆማችሁት ማንን ነው? እርሱ እስኪመለስ አትጠብቁ። ሂዱ፤ ዘግይታችሁም ቢሆን ሂዱ።

ጌታ ሆይ፣ በር ሲዘጋብን እሳት ከመለመን ጠብቀን። እውነትህን ሳንደብቅ ጎረቤታችንን እንድናከብር ጸጋ ስጠን። መቃብር የነፈጉንን ባርክ፤ መቃብር የሰጡንንም አብዝተህ ባርክ። እኛ ለቅሶ የነፈግናቸውን አጽናና። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።